ሎሚ ያለበት ስኒ

ባለፈው እሁድ ከቸርች መልስ የልጅ ልጆቼ ሁሉ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ታጭቀው ሳለ አንዷ ሎሚ ላጠች። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የጀመርኩት ወሬ ከአፌ ጠፋ። ፌቨን፣ የትልቁ ልጄ ልጅ፣ ታውቀኛለች። «እማማ ደግሞ ሄደች» አለች። «ሎሚ በሸተተሽ ቁጥር የት ነው የምትሄጂው? ያ የዲፕሎማቱ ቤት ነው አይደል? ዛሬ እንኳ ንገሪን።» ታናሽ ወንድሟ ሳቀ። «እማማና ዲፕሎማት! ሲሪየስሊ?» «ሳቅ አንተ» አልኩት፤ «የሁለት ታላላቅ አገር ጠብና እርቅ አቧራውን ያራገፍኩት በዚህ እጄ ነው።» ከዚያ ወዲያ ማን ይለቀኛል! ልናገር ብል ግን እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ፣ እሁድም ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ የስልክ ኤርታይም እያለ በሱቁ ፍርግርግ ያንኳኳል። ፌቨን ደብተር አቀበለችኝና «በይ በራስሽ እጅ ጻፊው» አለችኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ዛፍ ሥር፣ ልጅ አዝዬ ነው፤ የቀረውን መጽሐፍ ቅዱስ አስተማረኝ። ስለዚህ ብዞር፣ ብደጋግምም ታገሱኝ።

ያኔ የምኖረው ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ። ዳቦ በአራት ራንድ፣ ታክሲ ከዮቪል መሃል ከተማ ድረስ በሦስት ራንድ የነበረበት ጊዜ ነው። ሮኪ መንገድ ላይ ካለ ፎቅ አንዷን ክፍል ከሁለት የሆሳዕና ሴቶች ጋር ተከራይተን፣ መሃሉን በአንሶላ ጋርደን እናድር ነበር። ከሥራችን ኮንጎዎች ጸጉር ቤት ነበራቸው፤ ጊታራቸው ከጠዋት እስከ ማታ ወለሉን ያስጨፍረዋል፣ እኛ ደግሞ ከላይ ሆነን መዝሙር እናጠናለን፣ አንዳንዴ ምቱ ገጥሞ ሳናውቀው በእነሱ ከበሮ እንዘምራለን። ጥጉ ላይ የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ በቆሎውን በጋዜጣ ስትጠቀልልልኝ የጋዜጣው ቀለም እጄ ላይ ይቀር ነበር። ለሥራ የገዛሁት ልብስ ሮዝ ነበር፣ ከነሽርጡ፣ ከነሻሹ፣ የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች የሚለብሱት ዓይነት። ስለብሰው ሴቶቹ «እንግዲህ ዙሉ ሆነሽ ቀረሽ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ወደድኩት፤ ኪሱ ሰፊ ነበር። በቀደም ልጄ በመኪና በዚያ ሲያሳልፈኝ አየሁት፣ የፎቁ መስኮት በብሎኬት ተደፍኗል። የእኛ መስኮት የትኛው እንደነበር እንኳ መለየት አቃተኝ።

ሥራውን ያገኘችልኝ አንዲት የቸርች እህት ናት። «አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው» አለችኝ። «የሚበሉት ትንሽ ነው፤ አቧራው ግን አያልቅም።» ቤታቸው ከዮቪል በላይ ኮረብታው ላይ ነበር። ያን ዳገት በእግሬ ስወጣ ጩኸቱ ሁሉ ከኋላዬ እየቀረ ይሄዳል፣ ከላይ ስደርስ የሚሰማው ሃዲዳ የሚባለው ወፍ ብቻ ነው። ይህን ወፍ የማያውቅ ሰው ሲጮህ ቢሰማ፣ ሽማግሌ ሰው ተደናግጦ የሚጮህ ይመስለዋል። ክረምት ነበር፤ የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። በሩን የከፈተልኝ አትክልተኛው ባባ ሲፖ ነው። «ሳውቦና ማማ» አለኝ፣ «ወደ አምባሳደሩ ቤት እንኳን ደህና መጣሽ።»

እሳቸው ግን አምባሳደር መባልን አይወዱም። «እኔ ከአምባሳደሩ ኋላ የሚቀመጠው ሰው ነበርኩ» ይሉ ነበር። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፤ ባባ ሲፖም ባባ ስለሚላቸው ሁለታችንም አንድ ቋንቋ የምናወራ ይመስለን ነበር። የመጻሕፍት ክፍላቸው ከእኛ ከሦስታችን ክፍል አራት እጥፍ ይሆናል። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል የጀርመንኛው መጽሐፍ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መጀመሪያ ቀን «ስታጸጂ አታደባልቂብኝ፤ እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» አሉኝ። ቀልድ መሆኑን ያወቅኩት ከወር በኋላ ነው።

የሕይወታቸውን ነገር የሰማሁት እንዲሁ መሰላል ላይ ቆሜ አቧራ ሳራግፍ፣ በቁራጭ በቁራጭ ነው። አባታቸው ከጀርመን አሜሪካ የተሰደደ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ እናታቸው ልጆቿ መንገድ ላይ በቤታቸው ቋንቋ እንዳይናገሩ አፋቸውን በመዳፏ ትይዝ ነበር። «መዳፏ ሁልጊዜ የሊጥ ሽታ ነበረው» አሉኝ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ያንኑ የታፈነ ቋንቋ ስለሚያውቁ መንግሥታቸው ወደ ጀርመን ላካቸው፣ ወደ አንድ የፈረሰ ከተማ። ሥራቸው ከትልልቆቹ ኋላ ተቀምጦ ማዳመጥ ነበር፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገድ ላይ የጠፋውን ቃል መፈለግ። ኋላ ሥራውን ትተው አስተማሪ ሆኑ፣ የሁለቱን አገር ነገር ጻፉ። እዚህ የቀሩት በመጨረሻው ሹመታቸው ያገቧት ሴት የዚህ አገር ሰው ስለነበረች፣ የተቀበረችውም እዚሁ ስለሆነ ነው። ያኔ የመጨረሻ መጽሐፋቸውን እየጻፉ ነበር። «ጦርነቱን ሁሉም ጽፎታል» አሉኝ። «እኔ የምጽፈው ከጦርነቱ በኋላ ማን ከማን ጋር መጀመሪያ ሻይ እንደጠጣ ነው።»

እሳቸው መጀመሪያ የጠጡት ሄር ዶክተር ከሚሉት ጀርመን ጋር ነው። ጠላት አገር ያደገ፣ በጀርመኖቹ በኩል የሚያዳምጥ፣ ልክ እንደሳቸው ከኋላ የሚቀመጥ ወጣት። ሻይ በሎሚ ይወድ ነበር፤ በዚያ በፈረሰ ከተማ ግን ሎሚ አይገኝም። አባባ ከመሥሪያ ቤታቸው ወጥ ቤት አንድ ሎሚ በካፖርታቸው ኪስ ደብቀው ወሰዱለት። «ሰው ሁሉ ስምምነት ስምምነት ይላል፤ የእኛ የተፈረመው በዚያች ሎሚ ነው» አሉኝ። «ነበር» እያሉ ስለሚያወሩት፣ ሰውየው ከሞተ የቆየ መሰለኝ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። እኔ አማርኛን የተማርኩት ነው፤ አፍ የፈታሁበት አይደለም። ልጅ ሆኜ ሆሳዕና ሰው ቤት ስቀጠር የቤቱን አሮጊት «አንቺ» ብዬ በጥፊ ተመትቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሰው አንቱ ሳልል አልፌ አላውቅም፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን አፌ አይታዘዘኝም። እንግሊዝኛው ደግሞ አንቱ የለውም። ታዲያ ምን አደረግኩ? «መጡ»፣ «በሉ»፣ «ተኙ» እንደምንለው፣ አባባን በብዙ ቁጥር «ዴይ» አልኳቸው። አንድ ቀን ፖስታ ያመጣ ሰው ሽማግሌው አሉ ወይ ሲለኝ «ዴይ አር ስሊፒንግ» አልኩት። «ስንት ናቸው?» አለኝ። «አንድ» አልኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት ዞር ሲል፣ አባባ ለካ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙኛል። ነገሩን ሳስረዳቸው ጉልበታቸውን መቱ። «ጀርመኖችም እኮ እንዲሁ ናቸው! እርስዎ የሚሉበትና እነሱ የሚሉበት ቃል አንድ ነው። እኔና ሄር ዶክተር ሃምሳ ዓመት ተዋውቀን አንድ ቀን አንተ ተባብለን አናውቅም።» ከዚያ «የእናንተን ቃል አስተምሪኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ፣ ቲ ፕሊዝ» ሆነ ጥሪያቸው። በዚህ በጆሃንስበርግ ሁሉም ማማ ይለኛል። አንቱ ያለኝ ግን አንድ ሰው ነው።

ሻዩ የሚቀርበው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነበር፤ ደቂቃ አያልፍም። ሁለት ስኒ። አንዱ በወተት፣ ሁለት ስኳር፣ እሱ የእሳቸው ነው። ሁለተኛው ያለ ስኳር፣ ከሎሚ ጋር፤ ፊት ለፊታቸው ካለው ባዶ ወንበር አጠገብ ይቀመጣል። አስቀምጬ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ወዲያው ወሬ ይጀመራል። የእሳቸውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ ነው። ቆም ይላል። ከዚያ በጀርመንኛ፣ ከዚያኛው ዝቅ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ይመልሳል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ እሳቸው ናቸው፣ ብቻቸውን ያሉ ሽማግሌ ይጫወታሉ ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ጀርመንኛ የሚናገረው ድምፅ ያስላል። ረጅም፣ እርጥብ ሳል። አባባን ከጠዋት እስከ ማታ አገለግላቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ሲያስሉ ሰምቼ አላውቅም። ትሪውን ላነሳ ስገባ ሁለቱም ስኒ ባዶ ነው፣ ሎሚዋም ተጨምቃ ደርቃለች።

ባባ ሲፖን ጠየቅኩት። «ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

መጥረጊያውን ተደገፈ። «እኔ ሳውቦና ስልሽ ምን ያልኩሽ ይመስልሻል?»

«ሰላም ነሽ ወይ።»

«አይደለም። አየንሽ ነው ያልኩሽ። ብቻዬን ቆሜ አየንሽ እልሻለሁ። ከኋላዬ ያሉትን ቆጥረሻቸው ታውቂያለሽ?»

«በኢየሱስ ስም! አታስፈራራኝ አንተ ሰውዬ።»

«ከፈራሽ ቅጠሉን አንቺ ጥረጊ፣ ሻዩን እኔ አደርሳለሁ» አለና ሳቀብኝ። ሻይ አድርስ ብዬ ትሪውን ባቀብለው ግን እሱም አልነካውም።

ልጃቸው አሜሪካ ናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትደውላለች። አባባ በዚያ ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ነበርና «ብቻህን ከሆንክ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ እኔ አጠገብ ጥሩ የአረጋውያን ቤት አለ» ትላቸዋለች። «ሁለት ምዕራፍ ነው የቀረኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «መጻሕፍቱ እዚህ ናቸው። ሻዩም እዚህ ነው። ከወሰደችኝ አበቃ።» እኔም ከልቤ ጸለይኩ፤ ጌታ ሆይ፣ ሁለት ምዕራፍ ብቻ ስጣቸው አልኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አባቴ ብቻውን ነው?» አለችኝ።

እኔ አለሁ አይደል? «ኖ ማዳም። ዴይ አር ኢን ዘ ላይብረሪ። ዴይ አር ቶኪንግ።»

«ዴይ?» አለች።

«የስ ማዳም። ዴይ ድሪንክ ቲ።»

«ሽማግሌ ነው?»

ስለ አባቷ የጠየቀችኝ መስሎኝ «ቬሪ ኦልድ» አልኳት።

«ይበላሉ ግን?»

«ዴይ ኢት ኤቭሪቲንግ!»

ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «ሁለት ሽማግሌ ጣሉብሽ በይኛ! እግዚአብሔር ይርዳሽ» አለችኝ። ከዚያን ቀን በኋላ የአረጋውያኑን ቤት ነገር አላነሳችውም። ጸሎቴ የተሰማ መሰለኝ። ለካ አባቷ አብሯቸው የሚኖር ጓደኛ አገኙ ብላ አምናለች፤ እኔ ደግሞ አላወቅኩም።

ወራት እንዲህ ሄዱ። የጃካራንዳው ዛፍ ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ መንገዱን ሁሉ ሸፈነው፤ ከጫማዬ ሥር ጧ ጧ እያለ ይፈነዳል። አበባው መርገፍ ሲጀምር አባባ አንድ እሁድ ጠርተው «ከዛሬ ጀምሮ ሻዩ በአስራ አንድ ሰዓት ይሁን» አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሽማግሌ ፀባዩ ይለዋወጣል። ሳሉ ግን እየባሰ ሄደ። አንዳንድ ቀን ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል፤ ውሃ ሞልቼ ላደርስ እነሳና በሩ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። ለማን ነው የማደርሰው?

ገና ሊደርስ፣ የከተማው ሰው ወደየአገሩ መሄድ ሲጀምር፣ ልጃቸው ሳትነግረን በማክሰኞ ከች አለች። ቀኑ የሚያፍን ነበር፣ ከኮረብታው ማዶ ነጎድጓድ ይንጎራጎራል። ሻዩን አስቀምጬ ልወጣ ስል ከነሻንጣዋ ገባች። አባቷን ሳመች። ከዚያ ሎሚ ያለበትን ስኒ አየች፣ ወንበሩን አየች።

«ጓደኛህስ የታለ?»

ወደ እኔ ዞረች። «አብሮት የሚኖረው ሰውዬ የታለ? አንቺ አይደለሽ ዴይ፣ ዴይ ስትዪኝ የከረምሽው?»

ያኔ ገባኝ። ስለ አክብሮት፣ ስለ አንቱ ላስረዳት ሞከርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ተሳሰረ። እሷ እያዳመጠችኝ ፊቷ ነጣ። ስኒውን እንደገና አየች። «ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚያወራው? ሻዩን ማን ነው የሚጠጣው?» ትከሻዬን ያዘችኝ፤ ክፉ ሴት አይደለችም። «አማኝ ነሽ። በአምላክሽ ስም ልጠይቅሽ፤ እዚህ ክፍል ከአባቴ ሌላ ሰው አለ ወይስ የለም?»

አባባ ተመለከቱኝ። እባክዎ የሚል ዓይን አልነበረም። ያ የድሮ ሥራቸው ነበር ፊታቸው ላይ፤ የሚጠፋውን ቃል ለመስማት ጆሮ የሰጠ ሰው። አለ ብል፣ ያላየሁትን በአምላክ ስም መመስከሬ ነው። የለም ብል፣ ይወስዷቸዋል። ሳሉስ? ሳሉን ምን ልበለው? ነጎድጓዱ ቤቱን ነቀነቀው። እኔ ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው፣ ፈራሁ።

«የለም» አልኩ። «ኖባዲ፣ ማዳም። ማንም የለም።»

ዝናቡ በዚያች ቅጽበት ወረደ። ትሪውን ላነሳ ስመለስ ሎሚ ያለበት ስኒ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ቀዝቅዟል፣ ሎሚዋም እንዳስቀመጥኳት ነበረች። ከዚያም ወዲያ በየቀኑ ሙሉውን ተመለሰ። ሳሉንም ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። አባባ አልጻፉም። በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸው ወሰደቻቸው። መኪናው ውስጥ ገብተው መስታወቱን አወረዱና እጄን ያዙ። «የተጠየቁትን ነው የመለሱት» አሉኝ። ቀጥለውም በአማርኛ፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «እርስዎ፣ ደህና ይሁኑ» አሉኝ። ባባ ሲፖ በሩን ዘጋ። ቤቱ ኋላ ተሸጠ፤ አሁን የሕፃናት መዋያ ነው ይላሉ።

ዓመታት አለፉ። እኔም ከዮቪል ወጣሁ፣ ልጄ መጀመሪያ ቮስሎሩስ፣ ኋላ ጻካኔ ሱቅ ከፈተ፣ የልጅ ልጆች መጡ። አምና ፌቨን፣ የአገሮችን ግንኙነት ነው የምትማረው፣ ከዩኒቨርሲቲዋ ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣችና ከጀርባው ያለውን ፎቶ አሳየችኝ። አባባ ናቸው። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ያሳተመችው ነው፤ ሁለት ምዕራፍ ይጎድለዋል። መግቢያውን የጻፈችው እሷ ናት። ፌቨን እያነበበች ተረጎመችልኝ፤ ያን ቀን ለምን እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ነበር።

ሄር ዶክተር ያኔ በሕይወት ነበሩ። ጀርመን አገር፣ አንድ የሕሙማን ቤት፣ ሳንባቸው ታሞ። ሁለቱም መጓዝ አልቻሉም፣ ጆሯቸውም ለስልክ እምቢ ብሏል። ስለዚህ በደብዳቤ ተስማሙ፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለሻይ ሊቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው የሌላውን ስኒ ፊት ለፊት ሊያስቀምጡ። በዚያ አገር ብርዱ ሲመጣ ሰዓቱን አንድ ወደ ኋላ ይመልሱታል፣ አለችኝ ፌቨን። የአስራ አንድ ሰዓቱ ነገር ይኸው ነበር፤ የእነሱ አስር ሰዓት ለእኛ አስራ አንድ ሆኖ። ሄር ዶክተርን የምታስታምም ነርስ ኋላ ለአባባ ልጅ ደብዳቤ ጽፋለች። ሰውየው ሻያቸውን በሎሚ ይጠጡ ነበር፤ በወተትና በሁለት ስኳር የሚቀርበው ስኒ ግን፣ ስኳር በሐኪም ተከልክለው ሳለ፣ ሁልጊዜ ባዶውን ይመለስ ነበር ትላለች። ገና ሊደርስ በአንድ ማክሰኞ፣ ሻዩን ገና እንዳስቀመጠችላቸው፣ «ሁለተኛውን ስኒ አንሺው» አሏት። «ማንም የለም ብላለች።» ማን ናት ያለችው ብላ ብትጠይቃቸው አልመለሱም፤ በዚያው ሳምንት ዐረፉ። የአባባ ልጅ ከሥሩ ጽፋለች፤ ይህች ሴት ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅንም።